ጦር ያልነበራት ንግሥት አገር፦ ከጆሃንስበርግ እስከ ጋ-ሞጃጂ

ዓርብ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. — ከጆሃንስበርግ ወደ ፖሎክዋኔ

ጉዞው ጆሃንስበርግ ሱቅ ያላቸው የእትዬ ነው፤ እኔ ተደርቤ ነው የሄድኩት። የእኅታቸው ልጅ በሰሜን ደቡብ አፍሪካ፣ በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር፣ ሞጃጂስክሉፍ ከምትባል ትንሽ ከተማ አለፍ ብሎ በሚገኝ መንደር ስፓዛ የሚባለውን የሰፈር ሱቅ ከፍቶ ይሠራል። ከአገር ቤት በርበሬና ሽሮ መጥቶለታል፤ እትዬም ፖሎክዋኔ ላሉ ደንበኞቻቸው የሚያደርሱት ብርድ ልብስ ነበራቸው። ሁለቱን ጉዳይ በአንድ ነዳጅ ለመፈጸም ሲነሡ እኔ የመንደሩን አቅጣጫ ሰማሁና ሙጭጭ አልኩባቸው። እዚያ ጋ-ሞጃጂ ነዋ፤ የዝናብ ንግሥቶች አገር።

የባሎቤዱን ሕዝብ ከ1800 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ (የታሪክ ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሞጃጂ የሚለውን የዙፋን ስም እየተቀባበሉ የሚይዙ ሴቶች ገዝተውታል። ዝናብ ያመጣሉ፤ ሲከፋቸው ደግሞ ይይዙታል ተብሎ ይታመናል። በጋዜጣ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ዝናቡ ነው። እኔን የሳበችኝ ግን ዙፋኑን የምትወርሰው ልጅ ናት። አዝመራ የሚያደርቅ ኃይል በእጇ ይሰጣትና "በዚህ ሕዝብሽን ጠብቂበት" ትባላለች። ማን ነው የሚያስተምራት? ትምህርቱስ እሷን ምን ያደርጋታል?

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው አማተቡ።

"ጠንቋይ ቤት ልትወስጂኝ ነው?"

"መኪናው የእርስዎ፣ መሪውም የእርስዎ። እኔ የት እወስድዎታለሁ?"

መልስ አልሰጡኝም። አንድ ሊትር ጠበል ግን ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ እስክንመለስም ከዚያ አልተነሣም።

ከጀፒ የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። የመንገዱ ስም ራሂማ ሙሳ ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም የእኛ ሰው ዛሬም ጀፒ ይለዋል። ቤንዚን ሊትሩ ከ21 ራንድ በላይ ሆኖ ነበር። አንዱ ራንድ ያን ጊዜ ከ8 ብር በላይ ይመነዘር ስለነበር ወደ ብር መለወጡን ተውኩት፤ ልብ ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም። ፕሪቶሪያ ስንደርስ ጎህ ቀደደ፤ የጃካራንዳ ዛፎች አብበው አስፋልቱ ሳይቀር ሐምራዊ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ኤን 1 የሚባለው አውራ ጎዳና ሰሜኑን ይዞ ይነጉዳል። ፑሙላኒ፣ ካሩሰል፣ ክራንስኮፕ፣ ኒል፤ በየኬላው ይከፈላል። እትዬ በእያንዳንዱ ኬላ ደረሰኙን አጣጥፈው ከጠበሉ ሥር ያስቀምጣሉ። ከአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ የሚለየው በርዝመቱ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ጉድጓድ ሳናይ ሄድን። ይህ ርቀት በእኛ አገር ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ያደርሳል። የደብረ ማርቆስ ልጅ የሆኑት እትዬ የአባይን በረሃ አስታወሱና "መታጠፊያ የሌለው መንገድ ያስተኛል" አሉ። በማግስቱ ይህን ቃላቸውን አንሥቼባቸዋለሁ።

የፖሎክዋኔው ቀን ብርድ ልብስ በማውረድ አለቀ። ያደርንበት ቤት የሆሳዕና ባልና ሚስት ቤት ነው። ዓርብ ነው፤ እትዬ ደግሞ ጽጌን ይጾማሉ፤ ሽሮና ጎመን ቀረበ። እንጀራው ጥቁርና ለስላሳ ነበር። ጤፉ ከአገር የመጣ መስሎኝ ጠየቅኩ። እዚሁ የተዘራ ነው አሉን። ደቡብ አፍሪካውያን ገበሬዎች ጤፍ የሚዘሩት በአብዛኛው ለፈረስና ለከብት ድርቆሽ ነው።

"ፍሬውንስ?" አሉ እትዬ፣ ጉርሻው እጃቸው ላይ ቆሞ።

"ፍሬው ለእኛ ነው" አለች ሴትዮዋ።

እትዬ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የፈረሱን ዕድል ሲያደንቁ አመሹ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8 — ሞሪያ፣ ማጉባስክሉፍ፣ ዛኒን

ከፖሎክዋኔ ወደ ምሥራቅ በአር 71 መንገድ ስንሄድ ሞሪያ ትገኛለች፤ ኤንገናስ ሌካንያኔ የመሠረቱት የጽዮን ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ዋና ስፍራ ናት። በፋሲካ ሰሞን ይህ መንገድ ከየክፍለ ሀገሩ በሚመጡ ምእመናን አውቶቡሶች ይታፈናል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፍየሎች ነበሩበት።

ነዳጅ ማደያው ላይ በደረቱ አረንጓዴ ጨርቅና የብር ኮከብ የሰካ ሽማግሌ የመኪናውን መስታወት ይወለውላል። የመሪው ጎን ላይ ጠርሙስ አየሁ፤ የተባረከ ውኃ መሆኑን ነገረኝ። እትዬ ወደ ጠርሙሱ አዩ፤ ከዚያም ወደ ራሳቸው መኪና። ሽማግሌውም የእሳቸውን ጠበል አየ። ምንም አልተባባሉም፤ በራስ ንቅናቄ ብቻ ተሰነባበቱ። ከዚያ በኋላ "ጠንቋይ" የሚለው ቃል ከእትዬ አፍ ትንሽ ቀነሰ።

ሄነርትስበርግ በ1880ዎቹ የወርቅ ፈላጊዎች የቆረቆሯት የተራራ ከተማ ናት፤ ዛሬ የእረፍት ቀን ጎብኚዎች ፓንኬክ ይበሉባታል። አንዱ ፓንኬክ 85 ራንድ። እትዬ ቅቤና ወተት የሌለበት ነገር ቢጠይቁ ጥቁር ሻይና ደረቅ ዳቦ መጣላቸው። ሻዩ 30 ራንድ ነው። "በጾም ከበሬታ የለም፤ ዋጋው እንኳን አይጾምም" ብለው ከፈሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ማጉባስክሉፍ ነው። ጥድ የሞላበት ተራራ ባንድ ጊዜ ይከዳል፤ መንገዱ በመታጠፊያ ላይ መታጠፊያ እየደረበ ይወርዳል። ጉም ስለነበር ከፊታችን የነበረው የእንጨት ጭነት መኪና ቀይ መብራት ብቻ ነበር የሚታየን፤ ብዙም ሳይቆይ እሱም ጠፋ። የፍሬን ሽታ መጣ። እትዬ ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ገብተው፣ መስኮት ከፍተው፣ እዚህ የማልጽፈውን ነገር በጎጃም አማርኛ ለጭነት መኪናው ነገሩት። መታጠፊያ የሌለው መንገድ ያስተኛል ያሉትን ሳስታውሳቸው "ዝም በይና ጥግ ጥጉን እይልኝ" አሉኝ። መኪና ማቆሚያ አገኘንና ጎማው እስኪበርድ ቆምን።

የቆምንበት ጫካ ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ማክጎባ ነው። ለትራንስቫል ቦየሮች፣ ለደች ዘር ነጭ ሰፋሪዎች፣ ግብር አልከፍልም፣ መሬቴን አልለቅም ብሎ እዚህ ጫካ ውስጥ ተዋጋ። በ1895 እ.ኤ.አ. ከቦየሮቹ ጋር የመጡ የስዋዚ ተዋጊዎች ደረሱበትና ራሱን ቆረጡት፤ የራስ ቅሉ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በእኛ አገር አምባላጌ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ነበር። የማክጎባ ጎረቤት የነበረችው ሁለተኛዋ ሞጃጂ ናት። እሷ የማክጎባን ያህል ጠመንጃም ተዋጊም አልነበራትም፤ ሆኖም ከእሱ አስቀድሞ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የዙሉም የስዋዚም ኃያላን ሠራዊት ሳይሆን ስጦታና መልእክተኛ ይልኩላት እንደነበር ይነገራል። ማን ነው ዝናቡን በያዘች ሴት ላይ ጦር የሚያነሣ? ጉሙ ውስጥ ቆሜ ይህን ሳስብ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ፦ የሴትዮዋ መሣሪያ የሚሠራው ሳይተኮስ ነው። አንድ ቀን ተፈትኖ ዝናቡ ቢዘንብ ያለቀለት ነገር ነው።

ተፈትኗልም። በ1894 የቦየሮቹ ጄኔራል የፒት ጁበርት ጦር ባሎቤዱ አገር ገባ። ንግሥቲቱን አምጡ ሲባል ሕዝቡ አንዲት ሌላ አሮጊት "ሞጃጂ ይህች ናት" ብሎ አቀረበ ይባላል። እውነተኛዋ ሳትታይ ቀረች፤ በዚያው ዓመትም ሞተች። በባሎቤዱ የጥንት ሥርዓት ንግሥት በዕርጅና ጃጅታ አትሞትም፤ ጊዜዋ ሲደርስ መርዝ ትጠጣለች።

ዛኒን ስንደርስ ጉሙ ቀርቶ ሙቀት ተቀበለን። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፤ መንገድ ዳር ሃያ አቮካዶ የያዘ ከረጢት በ60 ራንድ ገዛን። ማደሪያችን ለሁለት አልጋ 700 ራንድ ነበር። ንጹሕ ነው፤ ቧንቧው ግን ደርቋል። አስተናጋጇ ሁለት ባልዲ ውኃ እያስቀመጠች "ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም" አለች። የዝናብ ንግሥት ደጃፍ ደርሰን በጣሳ ታጠብን። እትዬ ከሁሉም በላይ በዚህ ነገር ሳቁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9 — ሞጃጂስክሉፍ እና ጋ-ሞጃጂ

እትዬ ቅዳሴውን በስልክ እያዳመጡ ነዱ። ሞጃጂስክሉፍ ቅርብ ናት፤ እስከ 2004 ድረስ ዳይቨልስክሉፍ ነበር የምትባለው፤ በንግሥቶቹ ስም የተሰየመችው ከዚያ ወዲህ ነው። ዋና መንገዷ አንድ ነው፤ ካፓኔ የሚባለውን ሰፈር አልፈን አስፋልቱን ለቀን ጠጠር ላይ እንደገባን የኋላ ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ትርፉን ጎማ አወጣን፤ እሱም ባዶ ነው። ሁለት ሴቶች፣ ሁለት የማይሠሩ ጎማዎች፣ አንድ ኩንታል በርበሬ።

አንድ ልጅ በብስክሌት መጣና ጎማውን ተሸክሞ ወሰደው። ጎሚስታው መንደር ውስጥ ዛፍ ሥር ነው፤ ምልክቱ እንደ እኛው አገር የተሰቀለ አሮጌ ጎማ ነው። 60 ራንድ ለጎሚስታው፣ 40 ለልጁ። በዚህ መካከል የእትዬ የእኅት ልጅ ደርሶ አክስቱን አቅፎ ሳመ፤ ከዚያ በርበሬውን አሸተተ፤ ከዚያ ነው ለእኔ ሰላም ያለው።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው፤ ከደንበኛው የሚለየው ወፍራም ፍርግርግ ብረት ነው። ስኳር በትንንሽ ላስቲክ፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ፣ ዳቦ። አልጋው ከዱቄቱ ከረጢት ጀርባ ነው። ለመንደሩ አለቃ መጀመሪያ ሄዶ እጅ ነሥቶ፣ ራሱን አስተዋውቆ ነው የከፈተው። የንግድ ፈቃዱን መስታወት አስገብቶ ሰቅሎታል፤ ባለፈው ዓመት በመላው አገሪቱ ስፓዛዎች እንደ አዲስ ይመዝገቡ ሲባል የተሰለፈውን ሰልፍ ሲተርክ ሰዓት አለቀ። "እዚህ ያለ ኮኮ አንድ ቀን አልውልም" አለን። ኮኮ በአካባቢው አያት ማለት ነው፤ የቤቱ አከራይ ናቸው። ሱቁን ሊዘርፉ የመጡ ጎረምሶችን አንድ ሌሊት በከዘራ ብቻ መልሰዋቸዋል።

ምሳ የበላነው ኮኮ ግቢ ነው። "ቶቤላ" ብዬ ጎንበስ ስል እጃቸውን አጨብጭበው ተቀበሉኝ። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ከነጭ በቆሎ የተሠራ ጠጣር ፓፕ፣ ሞሮጎ የሚሉት የዱር ቅጠል ወጥ፣ ሌላም ሳህን ነበር፤ ከቲማቲም ጋር የተጠበሰ የሞፓኔ ዛፍ አባጨጓሬ። ሆዱ ተጨምቆ፣ በጨው ውኃ ተቀቅሎ፣ በፀሐይ ደርቆ ነው የሚቀመጠው፤ ገበያ ላይ በጣሳ ይሸጣል። እትዬ ሳህኑን ትክ ብለው አዩ።

"ይህ የጾም ነው የፍስክ?"

የእኅታቸው ልጅ "ቅጠል ብቻ ነው የሚበላው" አለ።

"በሬስ ምን ይበላል?"

ክርክሩ ተዘጋ። አባጨጓሬውን እኔ በላሁት። ከላይ ይሰባበራል፣ ውስጡ የደረቀ እንጉዳይ ጣዕም አለው፤ ሁለተኛ ቢጨመርልኝ አልጠላም ነበር።

ከምሳ በኋላ ኮኮ ታሪኩን ነገሩን፤ ልጁ እያስተረጎመ። ሲጀመር አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟ ዙጉንዲኒ ነው፤ ዛሬ ዚምባብዌ በሚባለው አገር የካራንጋ ንጉሥ ልጅ ነበረች። ከጋብቻ ውጭ ልጅ ወለደች፤ የልጁ አባት ማን እንደሆነ መናገር የማይቻል ነበር። ወንድሟ ነው የሚሉ አሉ። ሞት ሲዶለትባት እናቷ የዝናቡን መድኃኒትና የተቀደሱትን ጨሌዎች ሰርቃ ሰጠቻት ይላሉ ኮኮ፤ ንጉሡ አባቷ ራሱ ነው የሰጣት የሚሉም አሉ። ሕፃኗን ታቅፋ፣ ጥቂት ተከታዮች ይዛ፣ የሊምፖፖን ወንዝ ተሻግራ ወደ ሞሎቶትሲ ሸለቆ ወረደች። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የተሰረቀ አስማት የያዘች፣ የተባረረች ልጅ። መድኃኒቱን እንዴት እንደምትጠቀምበት መንገድ ላይ ነው የተማረችው።

"ማን አስተማራት?" አልኩ።

"ጥማት" አሉ ኮኮ።

ከእሷ በኋላ ለብዙ ትውልድ ወንዶች ነገሡ። የመጨረሻው ንጉሥ ሙጎዶ፣ ወንዶች ልጆቹ ዙፋኑን ሊነጥቁት ሲዶልቱ መድኃኒቱን ለሴት ልጁ ሰጠ። እሷ ማሴሌኳኔ ናት፤ የመጀመሪያዋ ሞጃጂ። ተደብቃ ኖረች፤ ባል አላገባችም። ይህ ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆነ። ንግሥቲቱ ባል የላትም፤ ሚስቶች አሏት፤ ከየአለቆቹ ቤት ለእልፍኟ የሚሰጡ ሴቶች ናቸው፤ በእነሱም በኩል እያንዳንዱ መንደር ከእሷ ጋር ይዛመዳል። የልጆቿን አባት ምክር ቤቱ ይመርጣል፤ ስሙ አይነሣም። የዝናቡ ማሰሮ የት እንዳለ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ የምታውቀው እሷና የምትተካት ልጅ ብቻ ናቸው። ከባድ ሆኖ የታየኝ ግን ሌላው ነው፦ ዝናቡ የሚታዘዘው ለመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን ለልቧም ነው። ንግሥቲቱ ካዘነች ወይም ከተቆጣች ሰማዩ ይበላሻል። ስለዚህ የልጅቷ ትምህርት ዋናው ክፍል ራስን መያዝ ነው። ሕዝቡን የምትጠብቀው እንደፈለገች ባለመከፋት ነው።

እትዬ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። በዚህ ጊዜ ስለ አገራቸው ደብተራ ነገሩ። በልጅነታቸው በረዶ የሚመልስ ደብተራ ነበር፤ ደመናው ሲጠቁር ማሳው ዳር ቆሞ ይደግማል፤ በመኸር ከየቤቱ እህል ይሰፈርለታል። በረዶው ከወረደ ደግሞ ይሰደባል። "ያ ሰውዬ ግን ሚስት አግብቶ፣ ጠጅ ጠጥቶ፣ ተጣልቶ፣ እንደ ሰው ይኖር ነበር" አሉ። ኮኮ ይህ ሲተረጎምላቸው ብዙ ሳቁና "ወንድ ስለሆነ ነው" አሉ።

ስለ ስድስተኛዋ ንግሥት፣ ስለ ማኮቦ፣ የጠየቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። አምስተኛዋ ንግሥት ሞኮፔ በ2001 ስትሞት ወራሿ ልጇ ከሁለት ቀን በፊት አርፋ ነበር። ዙፋኑ ከአያት ዘልሎ ወደ ልጅ ልጅ ወረደ። ማኮቦ ሚያዝያ 2003 ስትነግሥ 25 ዓመቷ ነበር፤ በዕለቱም ካፊያ ጣለ፤ ሕዝቡ በዚህ ተደሰተ። ትምህርት ቤት የተማረች፣ ጂንስ የምትለብስ፣ ከጓደኞቿ ጋር መውጣት የምትወድ ወጣት ነበረች። ምክር ቤቱ ያልመረጠውን ሰው ወደደች። በ2005 በ27 ዓመቷ ሞተች። ሐኪሞች የማጅራት ገትር ነው አሉ፤ መንደሩ ሌላ ብዙ ነገር አለ። ኮኮ የመንደሩን ወሬ ሊነግሩን አልፈለጉም። "ልጅ ነበረች" አሉ ብቻ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ያሰላሁት ይህን ነው፤ ማሰሮውን ሊያሳዩዋት የሚችሉት ሁለት ሴቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሄደዋል። ማኮቦም ስትሞት ልጇ ማሳላናቦ የጥቂት ወራት ሕፃን ነበረች።

ማሳላናቦ ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏታል። ያደገችው እዚህ አይደለም፤ እኛ በምንኖርበት በጋውቴንግ ነው፣ በአሳዳጊዎች ቤት። የንጉሣዊው ቤተሰብ ምክር ቤት አንድ ወገን ወንድሟን ሌኩኬላን በ2022 ንጉሥ ብሎ አነገሠ፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ፕሬዚዳንት ራማፎዛ ለእሷ የንግሥትነት ዕውቅና ሰጡ። መንደሩ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ጮክ ብሎ መናገር አይወደድም። ኮኮ ዕቃ እያነሡ፣ "2024 መጀመሪያ ላይ በቆሎዬ ቆሞ ደረቀ" አሉ። ኤልኒኞ አብዛኛውን ደቡባዊ አፍሪካ ያደረቀበት ዓመት ነው፤ ይህን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዙፋኑ ላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ሰማዩ ለማን ይታዘዝ?"

ከሰዓት በኋላ ወደ ንጉሣዊው ግቢ ሄድን። በሩ ላይ ያለው ወጣት በጨዋ ደንብ መለሰን፤ አስቀድሞ ደብዳቤ ማስገባት፣ የምክር ቤቱን ፈቃድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጫማ አውልቀን ብንቆምም አልጠቀመንም። ማንዴላ ራሳቸው ሞኮፔን ሲጎበኙ በሥርዓቱ ነው የገቡት፤ እኛ ማን ነን? የድንጋዩን አጥርና የዛፎቹን ጫፍ አይተን ተመለስን። እትዬ መኪናው ውስጥ ሲገቡ "እኔም ብሆን አላስገባሽም ነበር፤ ጥያቄሽ ይበዛል" አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 — የሳይካዶቹ ጫካ

ከመንደሩ በላይ ኮረብታው ላይ የሞጃጂ ሳይካድ ጥብቅ ደን አለ። መንገዱ ከትናንቱ የከፋ ቢሆንም ጎማው ያዘ። መግቢያው ለሁለታችንና ለመኪናው 100 ራንድ አልሞላም።

ሳይካድ ከሩቅ ሲያዩት ዘንባባ ይመስላል፤ ቀርበው ሲነኩት ቅጠሉ እንደ ሚስማር ይወጋል። ዘሩ ከዳይኖሰሮች ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ሌላ ቦታ ብዙውን ጊዜ ተራርቆ ይገኛል፤ እዚህ ግን ጫካ ሆኖ ቆሟል፤ አንዳንዱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። የሴቷ ፍሬ በርሜል የሚያህል ቢጫ ነገር ነው፤ አንዱ እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። አንዱ ላያችን ላይ ዘንበል ብሎ ስላየን እትዬ ከሥሩ ቶሎ ዞር አሉ። ከላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ ቆላው እስከ ክሩገር ፓርክ ድረስ ተዘርግቷል፤ ደርቋል፣ ገና አልዘነበም።

አስጎብኚያችን በመንደሩ ያደገ ሰው ነው። ጫካውን ለዘመናት ያቆዩት ንግሥቶቹ ናቸው አለን። አጥር አልነበረም፤ ጠባቂ አልነበረም፤ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አልነበረም። ቅጠል የቆረጠ ሰው በቤቱ ላይ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ አይቆርጥም። በጉም ውስጥ ያሰብኩት ነገር እዚህ በዓይኔ ታየኝ። ዛሬ ደግሞ ሳይካድ በስርቆት ገበያ ውድ ነው፤ ከዱር የተነቀለውን በዓለም አቀፍ ደረጃ መነገድ ተከልክሏል፤ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ግንዱ ውስጥ ማይክሮቺፕ እስከ መቅበር ደርሰዋል። ሌባው ከሩቅ ከተማ ነው የሚመጣው፤ ንግሥቲቱን አይፈራም።

"ቺፑ ይሠራል?" አልኩት።

"ከተያዘ በኋላ ይሠራል" አለ። "የድሮው ከመያዙ በፊት ነበር የሚሠራው።"

አዲሲቱን ንግሥት አይቷት እንደሆነ ጠየቅኩት። በቴሌቪዥን ነው ያየኋት አለ። ወደዚህ መጥታ ብትኖር ምን ትማራለች ብዬ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና፣ መጀመሪያ ኬሎቤዱን አጥርታ ትናገር፣ ከዚያ እነዚህን ዛፎች በየተራ ትወቅ፣ ከዚያ አሮጊቶቹ የሚነግሯትን ይነግሯታል አለ። አሮጊቶቹ ያውቃሉ ወይ? "ኮኮን ጠይቂያት" አለኝ። ኮኮን ጠይቄያቸው ነበር፤ ትናንት ማታ። የመለሱልኝ ሞሮጎ እየቀነጠሱ ነው፦ "የማውቀውን ብነግርሽ አላውቀውም ማለት ነው።"

እትዬ ችግኝ ሊገዙ ፈለጉ፤ ለጀፒው ሱቅ በራፍ። ያለ ፈቃድ ወረቀት አይቻልም ተባሉ። ወረቀቱ ስንት ነው፣ ማን ይሰጣል፣ ስንት ቀን ይፈጃል ብለው እየተከራከሩ እስከ በሩ ደረሱ። በመጨረሻ አስጎብኚው ችግኙ የሰው ቁመት የሚደርሰው ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ መሆኑን ሲነግራቸው ተዉት።

በር ላይ ጥበቃው የኋላውን ክዳን አስከፍቶ ፈተሸ። ባዶ የበርበሬ ጆንያ፣ የተነፈሰው ትርፍ ጎማና ሃያ አቮካዶ ብቻ ነበር ያገኘው። ጆንያውን ገልጦ ሲያሸት አስነጠሰው፤ ሦስት ጊዜ። እትዬ "ይማርህ" ብለው ሁለት አቮካዶ ሰጡት፤ ክዳኑንም ራሳቸው ዘጉት።